ተማሪን ወደ በሽተኛ አልጋ ያመጣ ሐኪም፦ ዊልያም ኦስለር (1849–1919)

በሙያችን በየቀኑ የምንጠራቸው ቃላት አሉ፤ ራውንድ፣ ሬዚደንት፣ ሂስትሪ መውሰድ፣ ኬዝ ፕረዘንት ማድረግ። ሲ ዋን ስንገባ ከሲኒየሮቻችን ተቀበልናቸው፤ ኢንተርን ስንሆን ደግሞ ለታናናሾቻችን አቀበልናቸው። ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ስለሚመስለን ማን አመጣው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሕክምና ተማሪ በገዛ እጁ መርምሮ፣ በገዛ ጆሮው አዳምጦ መማሩ ግን እንደ ቅንጦት የሚታይበት ዘመን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አሜሪካ ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪውን አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው ሌክቸር ያነቡለት ነበር። በዓመቱ ያንኑ ሌክቸር ይደግሙለታል። ከዚያ ዲግሪውን ይዞ ይወጣል። አንድም ምጥ ሳያይ፣ አንድም ልብ ሳያዳምጥ ሐኪም ተብሎ የተመረቀ ሞልቶ ነበር።

ይህን ከለወጡት ሰዎች መካከል ስሙ በግንባር ቀደምትነት የሚነሳው ካናዳዊው ዊልያም ኦስለር ነው። ብቻውን አልሠራውም፤ ሐሳቡም ከባዶ የመጣ አይደለም። ለንደን ውስጥ ተማሪዎች በዎርድ ይሠሩ ነበር፤ ጀርመኖቹ ደግሞ ምሩቅ ሐኪም ሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት እየሠራ የሚበስልበት ሥርዓት ነበራቸው። የኦስለር ሥራ ሁለቱን አጋብቶ፣ በአንድ ቤት ውስጥ አስቀምጦ፣ ይሠራል ብሎ ማሳየት ነው። ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን የእሱን ሕይወት የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ለምን አሁን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እያልኩ ነው።

የቄሱ ልጅ

ዊልያም የተወለደው ሐምሌ 12 ቀን 1849፣ ቦንድ ሄድ በምትባል የካናዳ የገጠር መንደር ነው። አባቱ ቀድሞ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን፣ ኋላ የአንግሊካን ቄስ ነበሩ። ዘጠኝ ልጆች የተወለዱበት ቤት ነው። እናቱ ኤለን ጠንካራ ሴት ነበሩ፤ መቶ ዓመት ኖረው ነው ያረፉት። ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ዳንዳስ ከተማ ተዛወረ።

በልጅነቱ ጨዋ ተማሪ አልነበረም፤ ለረባሽ ልጆች ወላጆች መጽናኛ ይሁናችሁና፣ የዳንዳስ ትምህርት ቤት በቁልፍ ቀዳዳ በኩል አስተማሪ ሰድቧል ብሎ አባርሮታል። ቀልደኛነቱ እስከ እርጅናው አልለቀቀውም።

ሕይወቱን የለወጡለት ሦስት መምህራን ናቸው። የመጀመሪያው ዊልያም ጆንሰን የተባሉ ቄስና የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። እኚህ ሰው ልጆቹን ይዘው ሜዳ ይወጣሉ፤ ከኩሬ ውኃ ይቀዳሉ፣ ከድንጋይ መሀል የጥንት እንስሳት ቅሪት ይለቅማሉ፤ ማታ ደግሞ የሰበሰቡትን በማይክሮስኮፕ ያሳዩአቸዋል። ሁለተኛው የቶሮንቶው ሐኪም ጄምስ ቦቬል ናቸው፤ ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ለቀቁለት። እንደ አባቱ ቄስ ሊሆን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ የነበረው ወጣት በ1868 ሐሳቡን ወደ ሕክምና አዞረ። ሦስተኛው በሞንትሪያሉ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሮበርት ፓልመር ሃዋርድ ነበሩ። ኦስለር በ1870 ወደ ማክጊል የተዛወረው ለስሙ አይደለም፤ የሞንትሪያል ጄኔራል ሆስፒታል ዎርዶች ለተማሪ ክፍት ስለነበሩ ነው። በ1872 ሲመረቅ፣ ከአስከሬን ምርመራ ራሱ ያዘጋጃቸውን ናሙናዎች አያይዞ ያቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ልዩ ሽልማት አሰጠው። ከዓመታት በኋላ ዝነኛውን መጽሐፉን ሲያሳትም መታሰቢያነቱን የሰጠው ለእነዚሁ ሦስት ሰዎች ነው።

ማይክሮስኮፕ፣ ፈንጣጣና አስከሬን

ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት አውሮፓን ዞረ። ለንደን በበርደን ሳንደርሰን ላቦራቶሪ ተቀምጦ ደም እያየ፣ ዛሬ ፕሌትሌት የምንላቸውን ጥቃቅን ነገሮች በጥንቃቄ ገልጾ ከጻፉት ቀደምቶች አንዱ ሆነ። በርሊን ሄዶ ቪርኾ አስከሬን ሲመረምር ቆሞ አየ። ቪየናንም ጎበኘ። በ1874 ማክጊል ጠራውና በ25 ዓመቱ መምህር ሆነ፤ በዓመቱ ፕሮፌሰር። ከዕድሜው ማነስ የተነሳ ሕፃኑ ፕሮፌሰር ይሉት ነበር።

ከክፍል ሌክቸር ጋር ግን አልተዋደደም። ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያዩ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋቸዋል፤ ገንዘብ ደግሞ የለም። በዚያን ጊዜ ሆስፒታሉ የፈንጣጣ ዎርድ የሚይዝለት ሐኪም ይፈልግ ነበር። ኦስለር ሥራውን ወሰደ፤ ያገኘውንም ክፍያ ለተማሪዎቹ ማይክሮስኮፕ መግዣ አዋለው። ራሱም በፈንጣጣው ተይዞ፣ ደግነቱ ቀለል ብሎለት ተነሳ።

በሞንትሪያል ዓመታቱ ከ750 በላይ አስከሬን መርምሯል። ዎርድ ውስጥ የደረሰበትን ምርመራ፣ በሽተኛው ሲሞት እታች ክፍል ወርዶ በገዛ እጁ ያረጋግጣል። ልክ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም? መልሱ እፊቱ ተዘርግቷል። ተማሪዎቹ አጠገቡ ናቸው፤ ያገኘው ሁሉ ይመዘገባል። ሥራው ጥቁር ገጽም እንዳለው መካድ አይገባም። አስከሬናቸው የተከፈተው አብዛኞቹ ድሆች ነበሩ፤ የዛሬው ዓይነት የቤተሰብ ፈቃድም በዚያ ዘመን ሁልጊዜ አይጠየቅም ነበር። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

በ1884 ጀርመን፣ ላይፕዚግ እያለ ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥሪ ደረሰው። ልሂድ ልቅር እያለ ሲያመነታ ሳንቲም ወርውሮ ወሰነ ይባላል። ፊላደልፊያ ላይ ተማሪዎቹ የጠበቁት አዳራሽ የሚያናውጥ ተናጋሪ ነበር፤ የመጣው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በጨዋታ መልክ የሚያስተምር ሰው ነው። ብዙ ሳይቆይ ተማሪዎቹ ከአዳራሹ ይልቅ ዎርዱን ወደዱት።

እዚያው እያለ የሆነ አንድ ነገር ለኛ አገር ሐኪም ቅርብ ነው። ፈረንሳዊው ላቬራን የወባን ተሕዋስ በሰው ደም ውስጥ አየሁ ብሎ ነበር፤ ኦስለር መጀመሪያ አላመነም። አላምንም ብሎ ግን አልተቀመጠም። በወባ የታመሙ ሰዎችን ደም እየወሰደ፣ በራሱ ማይክሮስኮፕ ደጋግሞ ተመለከተ። በ1886 የላቬራንን ትክክል መሆን መስክሮ ጻፈ። በኋላ ባልቲሞር ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ያደረገው ከዚህ የተነሳ ነው። ታይፎይዱና ወባው የተለየው በወሬ አይደለም፤ በስላይድ ነው።

ባልቲሞር፦ ተማሪው ሠራተኛ ሲሆን

ጆንስ ሆፕኪንስ የሚባል የባልቲሞር ነጋዴ ለአንድ ዩኒቨርሲቲና ለአንድ ሆስፒታል 7 ሚሊዮን ዶላር አውርሶ በ1873 ሞተ። ሆስፒታሉ በ1889 ሲከፈት ኦስለር የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተጠራ። ፓቶሎጂስቱ ዌልች፣ ሰርጅኑ ሃልስቴድ፣ የማሕፀን ሐኪሙ ኬሊ ባልደረቦቹ ነበሩ። ሁሉም ወጣቶች ናቸው።

የሕክምና ትምህርት ቤቱ ግን አልተከፈተም፤ ገንዘቡ አልበቃም። መፍትሔው ከሴቶች መጣ። ሜሪ ኤልሳቤጥ ጋሬት የተባለች ሀብታም ሴት የምትመራው የሴቶች ኮሚቴ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ትልቁን ድርሻ ጋሬት ራሷ ከኪሷ ሞላችው። ሁለት ነገር ግን በጽሑፍ ይግባልን አሉ። አንደኛው፣ ሴቶች ከወንዶች እኩል በአንድ መስፈርት ይግቡ። ሁለተኛው፣ የሚገባ ሁሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ይኑረው፤ ሳይንሱንና ቋንቋውን አስቀድሞ ይማር። የትምህርት ቤቱ ሰዎች በእልልታ አልተቀበሉትም፤ ግን ተቀበሉት። ኦስለር፣ እኛ ፕሮፌሰር ሆነን መግባታችን በጀን፣ ተማሪ ሆነን ቢሆን አያስገቡንም ነበር በሚል መንፈስ ለዌልች መቀለዱ ይነገራል። በ1893 ትምህርት ቤቱ በ18 ተማሪዎች ተከፈተ፤ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። እኔን የመሰለች ሴት ሐኪም ስለ ኦስለር ስትጽፍ ስለ ጋሬት ሳትጽፍ ብታልፍ ነውር ነው።

እንግዲህ የኦስለር ትልቁ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው። በእጁ ያሉት ዲግሪ የያዙ፣ ዕድሜያቸው የበሰለ፣ መጽሐፍ ማንበብ የማይቸግራቸው ሰዎች ናቸው። ሌላ ሌክቸር ምን ያደርግላቸዋል? ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቹን ተመላላሽ ክፍል አስገባቸው። ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁትን በሽተኛ ፊታቸው ያስቀምጥና፣ ቶሎ ነካ ነካ ከማድረግ በፊት በዓይን ማየትን፣ ቀጥሎ በእጅ መዳሰስን፣ ቀጥሎ ማዳመጥን ያለማምዳቸዋል። የመጣው ኬዝ ዕጣ የጣለው ነው፤ ተዘጋጅቶ የሚገባበት ገጽ የለም።

አራተኛ ዓመት ተማሪዎቹን ደግሞ ዎርድ ከተታቸው፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ አልጋዎች ይሰጡታል። አዲስ በሽተኛ ሲገባ ሂስትሪውን የሚወስደው፣ የሚመረምረው፣ ደሙን፣ ሽንቱን፣ አክታውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው፣ በየቀኑ ለውጡን የሚመዘግበው ተማሪው ነው። ጠዋት ኦስለር ራውንድ ሲወጣ ስለ በሽተኛው የሚናገረው ያው ተማሪ ነው። ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ካልታወቀ፣ ሂድና አንብበህ በሚቀጥለው ንገረን ይባላል፤ ኦስለርም አይረሳም፣ በቀጠሮው ይጠይቃል። የዓመቱ የታይፎይድና የሳንባ ምች ኬዞች ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየተጻፉ እስከ መጨረሻቸው ይከታተሏቸዋል፤ ማን ዳነ፣ ማን ሞተ፣ ምን ተወሳሰበ። ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪው ስለ ታይፎይድ የሚያውቀው የሌላ ሰው ስታቲስቲክስ አይደለም፤ ዎርዱ ውስጥ አብሮት የከረመውን ነው።

ይህ አሠራር ለሆስፒታሉም ጥቅም ነበረው። ብዙ ሰው ተማሪ ዎርድ ሲገባ ሥራ ይበላሻል፣ በሽተኛ ይረበሻል ብሎ ይፈራ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ አንድን በሽተኛ የራሴ ብሎ የሚከታተል ሰው ሲጨመር ሐኪሙ ያላየው ነገር ይታያል። ተማሪው አጠገቡ ቆሞ ለምን ሲለው ደግሞ ፕሮፌሰሩም ቢሆን ደፍሮ በግምት አያልፍም።

ከምረቃ በኋላ ያለው ደረጃም በዚሁ ቤት ተሠራ። ምሩቁ ሐኪም ሆስፒታሉ ውስጥ አድሮ፣ በልቶ፣ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ሬዚደንት የሚለው ቃል ትርጉሙም ነዋሪ ማለት ነው። በየዓመቱ ኃላፊነቱ ይጨምራል። ጥቂቶቹ ዋና ሬዚደንት ሆነው ለዓመታት ይቆያሉ፤ የኦስለር ሬዚደንት የነበረው ዊልያም ቴየር ከእነዚህ አንዱ ነው። ዛሬ አር ዋን፣ አር ቱ እያልን የምንቆጥረው መሰላል ሥሩ እዚያ ነው። እዚያ ቤት የነበረው ጭቆናም አብሮ መጥቷል፤ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የቤተሰብ ሕይወት መተዉ። ዱቲ የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1892 ሁለት ነገር ሆነ። የሕክምና መርሆችና አሠራር የተሰኘው መጽሐፉ ታተመ፤ ግሬስ ሬቨር ግሮስ የተባለችውን የሟች ባልደረባውን ሚስት አገባ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ለዓመታት የሐኪም ሁሉ መማሪያ ሆነ። ያነበበው ግን ሐኪም ብቻ አልነበረም። የሮክፌለር አማካሪ የነበረው ፍሬዴሪክ ጌትስ በ1897 መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበና ደነገጠ፤ ሐኪሞች በሽታን በደንብ ይለያሉ፣ ማዳን የሚችሉት ግን ጥቂቱን ነው። ኦስለር ያልታወቀውን አልታወቀም ብሎ ጽፎ ነበራ። ከዚያ ንባብ የተነሳ ሐሳብ በ1901 የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ።

ቤቱም ሁለተኛ ክፍል ነበር። ቅዳሜ ማታ ተማሪዎች እየመጡ ማዕድ ከበው ስለ ሳምንቱ ኬዞች፣ ስለ ጥንት ሐኪሞች መጻሕፍት ይጫወታሉ። ጎረቤት ለሚኖሩ ወጣት ሐኪሞች የቤቱን ቁልፍ ሰጥቶ ነበር፤ ሲፈልጉ ገብተው መጽሐፍ ያነባሉ።

ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ

ኦስለርን በዎርድ ብቻ የሚያውቁት አንድ ነገር ያመልጣቸዋል። በዚያን ዘመን ባልቲሞር ሳንባ ነቀርሳ የድሀ ሰፈሩን ይጨርስ ነበር። በሽተኛው ተመላላሽ ክፍል መጥቶ ምክር ተሰጥቶት ይሄዳል፤ ቤቱ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ኦስለር ተማሪዎቹን ወደ በሽተኞቹ ቤት ላከ። አደለይድ ደቸር የተባለች የሕክምና ተማሪ ሁለት መቶ ወደሚጠጉ በሽተኞች ቤት ሄዳ ያየችውን በ1900 ለሐኪሞች ጉባኤ አቀረበች፦ በአንድ ክፍል የታጨቀ ቤተሰብ፣ ብርሃንና አየር የማያገኝ ጓዳ፣ ሐኪሙ እረፍ፣ በደንብ ብላ ሲለው ሁለቱንም ማድረግ የማይችል የቀን ሠራተኛ። ከዚህ የቤት ለቤት ሥራ ተነስቶ ነው በኋላ ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ የተቀጠረችው። አንዲት ተማሪ በእግሯ ሄዳ ያመጣችው ነገር የከተማውን አሠራር ነካ።

የማይሸፈነው ጎን

ታላቅ ሰው ሲወሳ ጉድፉን መደበቅ ይቀናናል። ሆፕኪንስ ውስጥ ነጭና ጥቁር በሽተኞች የሚተኙት በተለያየ ዎርድ ነበር። ጥቁር በሽተኞች መማሪያ ሲሆኑ ጥቁር ተማሪ ግን በዚያ የሕክምና ትምህርት ቤት በር እስከ 1960ዎቹ አልገባም። ተማሪ እጁን የሚያፍታታበት ሰውነት የድሀ ሰውነት ነበር፤ የከፈለው በሽተኛ በግል ክፍሉ ተኝቶ ፕሮፌሰሩን ብቻ ያያል። ኦስለር ለበሽተኞቹ ርኅሩኅ እንደነበር ብዙዎች መስክረዋል፤ ከዘመኑ አስተሳሰብ ግን አልወጣም። ከሰው አካል እየተማርን ለዚያ ሰው ምን እንመልስለታለን የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ዛሬም የኛ ጥያቄ ነው።

ኦክስፎርድ

ኦስለር በ1905 ወደ እንግሊዝ፣ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ባልቲሞርን ሲሰናበት ያደረገው ንግግር ጉድ አፈላ። ሰው የሚፈጥረው ከአርባ ዓመቱ በፊት ነው፣ ከስድሳ በኋላ ማረፍ አለበት አለና፣ ከአንድ ልብወለድ የወሰደውን የክሎሮፎርም ቀልድ ጨመረበት። ጋዜጦቹ ቀልዱን ትተው ሽማግሌዎች ይገደሉ አለ ብለው ጻፉ። እኛ አርባን ያለፍነው ምሩቃን አንቀየመውም፤ እሱ ራሱ በሐምሳ አምስት ዓመቱ አዲስ አገር፣ አዲስ ሥራ ሲጀምር ነበር የተናገረው።

በ1911 ሰር የሚለውን ማዕረግ አገኘ። በዚያው ዓመት ከሆፕኪንስ አንድ ሐሳብ ደረሰው፤ የክሊኒክ ፕሮፌሰሮች የግል ሥራቸውን ትተው ሙሉ ጊዜ ደመወዝተኛ ይሁኑ፣ ምርምር ይሥሩ የሚል ነው። ኦስለር ተቃወመ። ፍርሃቱ ፕሮፌሰሩ ከላቦራቶሪው ሳይወጣ ከበሽተኛውና ከተማሪው ይርቃል የሚል ነበር። ድምፁ አልተሰማም፤ አሠራሩ ተለወጠ። ምርምሩ በእርግጥ አደገ። ፍርሃቱም ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም።

የመጨረሻ ዓመታቱ መራራ ናቸው። የመጀመሪያ ልጁ በ1893 በተወለደ በሳምንቱ ሞቶበት ነበር። ሁለተኛውና ብቸኛው ልጁ ሬቨር በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መድፈኛ ሆኖ ዘመተና ነሐሴ 1917 ኢፕር አጠገብ ቆሰለ። ሊያድኑት ከደረሱት ሐኪሞች መካከል የአባቱ ወዳጅ የነበረው ሃርቪ ኩሺንግ ይገኝበታል፤ አልተረፈም። 21 ዓመቱ ነበር። ኦስለር ቤቱን ለእንግዳ ክፍት እንዳደረገ ኖረ፤ ከዚያ ሐዘን ግን አልተነሳም። ታኅሣሥ 29 ቀን 1919፣ በ70 ዓመቱ፣ በሳንባ በሽታ አረፈ። አስከሬኑ ተመረመረ፤ እድሜውን ሙሉ ሌሎች ላይ ያደረገው በሱም ላይ ተደረገ። 8 ሺህ ያህል መጻሕፍቱን ለማክጊል አወረሰ፤ አመዱም እዚያው መጻሕፍቱ መሀል ነው። በሕይወቱ ሳለ፣ ለመቃብሩ ጽሑፍ የሕክምና ተማሪዎችን በዎርድ አስተማረ ከሚል ሌላ እንደማይፈልግ ተናግሮ ነበር።

ወደኛ ስንመጣ

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያም የራሷ ኦስለራዊ ታሪክ አላት። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ልኮ ከሕዝቡ ጋር እያኖረ ያስተምር ነበር። የደምቢያው የወባ ወረርሽኝ ጠባሳ ገና አልሻረም ነበርና ሥራው ቀልድ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ጋሬት ባልቲሞር ላይ የጠየቀችው መስፈርት መሆኑ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የሐኪም እጥረት ስላለ ተማሪ በዛ፤ አስተማሪና አልጋ ግን በዚያው ልክ አልበዛም። አሁን ራውንድ ስወጣ ከኋላዬ የሚሰለፈው ተማሪ አንዳንዴ ዎርዱ ውስጥ ካለው በሽተኛ ይበልጣል። ፊት ያሉት ያያሉ፣ መሀል ያሉት ይሰማሉ፣ ኋላ ያሉት ስልካቸውን ይነካካሉ። አልፈርድባቸውም። በአንድ ሆስፒታል ከገጠር የመጣች እናት ጣፊያዋ ትልቅ ስለሆነ ተማሪ ሁሉ ሊዳስሳት ተራ ያዘ። ዘጠነኛው ሲቀርብ ምንም ሳትናገር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ስሟን ከዘጠኙ ስንቱ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቅ አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አወጣች። ሂስትሪ የወሰደችው እሷ ነበረች።

የድኅረ ምረቃውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሬዚደንቱ ሆድ ሳይነካ የሲቲ ስካኑን ውጤት ያነባል፤ ፎርም ሲሞላ ይውላል፤ ለጥናት ጽሑፉ ዳታ ከካርድ ይለቅማል፤ ካርዱ የማን እንደሆነ አያውቅም። መሣሪያው ጥፋት የለበትም። ኦስለርም ሲቲ ስካን ቢያገኝ በደስታ ይጠቀምበት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ማይክሮስኮፕ ለመግዛት ፈንጣጣ ዎርድ የገባ ሰው መሣሪያ አይጠላም። እሱ ግን የማይክሮስኮፑን ውጤት ይዞ ወደ አልጋው ይመለስ ነበር። እኛ የምናጣው ያንን መመለስ ነው።

እዚህ ላይ ነው እናንተን የምፈልጋችሁ፣ የባቻችን ልጆችም ታላላቆቻችንም። ግማሻችን አገር ቤት ነን፤ ግማሻችን አሜሪካ፣ አውሮፓና ገልፍ ነን። ለዚህ መገናኛ ስትመጡ ሌክቸር አዘጋጅታችሁ ትመጣላችሁ፤ እናመሰግናለን። ዘንድሮ ግን ስላይዱን ትታችሁ አንድ ጠዋት ዎርድ ብትሰጡን ምናለ? አምስት ተማሪ ብቻ ይዛችሁ፣ ሁለት አልጋ ብቻ። መጀመሪያ በሽተኛዋን ስሟን ጠይቁ፣ ለምን እንደመጣችሁ በአማርኛ ወይም በቋንቋዋ ንገሯት፣ እንቢ ካለች ተዉአት። ከሁለት ተማሪ በላይ አይንካት። አስታማሚዋን አስቀምጣችሁ ቤታቸው ምን እንደሚመስል ጠይቁ። ከዚያ ተማሪው ራሱ ይመርምር፤ እናንተ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ።

አገር ቤት ያለነው ደግሞ የጀመርነውን እንቀጥል፦ ለእያንዳንዱ ሬዚደንት በዓመት ጥቂት በሽተኞችን ከገቡበት ቀን እስከ ቤታቸው ድረስ እንዲከታተል፣ ከወጡም በኋላ በስልክ ጠይቆ እንዲመዘግብ እናድርግ። ከባድ ገንዘብ አይጠይቅም። ደቸር በእግሯ ነው የሄደችው።

ኦስለር ብዙ ነገር አልተሳካለትም፤ አብዛኞቹን በሽታዎች ማዳን አይችልም ነበር፤ የዘመኑንም ግፍ አልሰበረም። አንድ ነገር ግን አደረገ፤ ወጣቱን ሐኪም እጁን ይዞ ወደ አልጋው አቀረበውና ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። አስተማሪዎቻችን ለኛ ይህንኑ አድርገውልን ነበር፤ በሕይወት ያሉትን ዕድሜ ይስጥልን፣ ያረፉትን ነፍስ ይማርልን። አሁን ተራው የኛ ነው።

መልካም መገናኘት ይሁንልን።